በኮሮና ጊዜ የለመድነው የቤት ልማድ ይዘልቃል? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኮሮና ወሬ ሲነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ያ ሁሉ ጣጣ የት ገባ?» ይላል። ሌላው «እኛ ቤት እስካሁን አለ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከአንኮበር በኩል የሚነሱ ጥያቄዎችን ሰብስቤ የመሰለኝን መልሻለሁ። ሰሜን ሸዋ ስል የአማራ ክልሉን ዞን ማለቴ ነው። የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ የፍቼ ሰዎች፣ የራሳችሁን ጨምሩበት።

እኛ ጋ መቼ ቤት ተዘጋና ነው ስለ «ቤት መዋል ልማድ» የሚወራው?

ልክ ነው፣ አገሩን በሙሉ ቤት የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ኢትዮጵያ ውስጥ አልወጣም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ መኪናም በግማሽ ሰው ጫን ተባለ። ክልሉ እንደ ባሕር ዳር ያሉ ጥቂት ከተሞችን ለሁለት ሳምንት ያህል ዘግቶ ነበር።

ገበሬው ግን ማሳው ላይ ነበር። መንዝና አንኮበር በኩል በልግ የሚዘራበት ሰሞን ነው፤ ማን ቤት ይውላል? ገጠሩ ላይ የተነካው መሰባሰቡ ነው፦ ገበያው፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው። ቤት መዋሉን የቀመሰው ከተሜው ነው። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ደንበኛ ያጣው ምግብ ቤት። ስለዚህ «ልማዱ ይዘልቃል ወይ» ሲባል መጀመሪያ የማን ልማድ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አዲስ ነገር ለመልመድ 21 ቀን ይበቃል ይባላል። እኛ ወራት ሙሉ እጃችንን ስንታጠብ ከርመን ለምን ተረሳ?

የ21 ቀኑን ወሬ ብዙ አትመኑት። በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ከዚያ አፍ ለአፍ ሲዞር ሕግ መሰለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በኋላ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን (ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል አልጎዳም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች አዲሱን ነገር ሁልጊዜ ከአንድ ከሚታወቅ ነገር ጋር አያይዘውት ነበር። ከቁርስ በኋላ፣ ከእራት በፊት፣ እንዲህ እያሉ። እኛ ዘንድ እጅ መታጠቡ የተያያዘው ከበር ላይ ከቆመ ጥበቃና ከተሰቀለ ጀሪካን ጋር ነበር። ጥበቃው ዞር ሲል፣ ጀሪካኑም ሲነሳ፣ እጃችንም ተከትሎ ሄደ። ቀኑ አንሶን አይደለም።

በየበሩ የተሰቀለው ጀሪካን መጨረሻው ምን ሆነ?

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መላው ታሪክ እሱ ላይ አለ።

ቢጫዋ ጀሪካን ከግርጌዋ ትበሳና የእስክሪብቶ ቀፎ ይገባባታል። ክዳኑን ስትከፍት ውሃው ይወርዳል፣ ስትዘጋ ይቆማል። አጠገቧ በሲባጎ የታሰረ ሳሙና ይንጠለጠላል፣ ከሥሯ ድንጋይ ይነጠፋል። ወጪዋ ኢምንት ነው። ግን ሦስት ጠላቶች ነበሩባት።

አንደኛው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደጅ ያደረ ውሃ ጠዋት ፊቱ በረዶ ለብሶ የሚገኝበት ቀን አለ። በዚያ ብርድ «ግቡ፣ ግን መጀመሪያ ታጠቡ» ማለት እንግዳ መግፋት ይመስላል። ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ችግር የለም፤ እዚያ ሰው ለመቀዝቀዝም ቢሆን ይታጠባል።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ከምንጭ በጀርባ በሚቀዳበት ቀበሌ፣ በር ላይ ለመንገደኛ የሚፈስ ውሃ ያሳሳል። የሚቀዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእናትና በልጅ ጀርባ ነው። ታጠቡ ብሎ የሚያዘውና ውሃውን የሚሸከመው ሰው አንድ አልነበሩም።

ሦስተኛው የሳሙና ዋጋ ነው። እሱን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጀሪካኗ እስካሁን ያለችባቸውን ቤቶች ካያችሁ ግን አንድ የሚጋሩት ነገር አለ። ከአጥር በር ተነስታ ሽንት ቤት በር ላይ ተሰቅላለች። እዚያ ሥራ አላት። የሚጠቀምባት የቤቱ ሰው ነው፣ ከሽንት ቤት ሲወጣ ትታየዋለች፣ ውሃውም የሚሞላው ለራሱ ነው። የሳሙና ነገርም ኮሮናን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሳሙና የኮሮናን ቫይረስ የሸፈነውን ስብ ስለሚያፈርስ ይጠቅማል፤ ተቅማጥ የሚያመጡትንም ጀርሞች ያጥባል። ሳሙና በጠፋ ጊዜ አመድም አማራጭ ነው።

እጅ መታጠብ እኮ ከድሮም ባህላችን ነው። ኮሮና ምን ጨመረልን?

ሳሙናን። ማስታጠብማ ከጥንትም አለ። ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከታላቅ ጀምሮ ያዞራል። ታዲያ ጣት ጫፍ ረጠብ ሲል «ይበቃኛል፣ እደግ» ይባልና ወደ ገበታ ነው። አሁን ብዙ ቤት ከማንቆርቆሪያው ጋር ፈሳሽ ሳሙና ይዞ መዞር ተለምዷል። ይሄ የሚዘልቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አዲሱ ነገር የገባው ነባሩ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ኤፍራታና ቀወት በኩል ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ተመችቷቸዋል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ሰዓቱም ቦታውም ተቆርጦለታል፤ ሳሙናዋን አጠገቡ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሰላምታው ለምን ወዲያው ተመለሰ?

ይመለሳላ። በክርን መነካካቱ ለፎቶ ነበር። እግር ለእግር ማጋጨቱማ የልጆች ጨዋታ ሆኖ አለፈ። ለዓመታት ያልተያየ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደረት ላይ እጅ አድርጎ ዝቅ ቢል፣ አክስቴ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ቀኑን ሙሉ ታዝናለች። ትከሻ መጋጨቱም፣ ጉንጭ መሳሙም ሙሉ በሙሉ ተመልሷል።

አንድ የተለወጠ ነገር ግን አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው «አትሳመኝ፣ አሞኛል» ማለት ይችላል፤ ማንም አይቀየመውም። ድሮ ይህ ኩራት ነበር የሚመስለው። ሕፃን ላለበት ቤት ይህች ብቻ ትልቅ ነገር ናት።

ቡናውና ጉርሻውስ?

ጉርሻ የተቋረጠ መስሎን እንጂ ቤት ውስጥ አልተቋረጠም ነበር። ቡናው ግን በእርግጥ ተቀዛቅዞ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን መጥራት ተወ፤ አንዳንዷም በአጥር ላይ ሲኒ ታቀብል ነበር። ሲኒው እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ባለቀለም ክር ያሰረች ጎረቤት አለችን። ሦስቱንም በየራሳችን ሲኒ ጠጣን። አሁን ክሩ ወልቋል፤ አቦል የጠጣህበት ሲኒ ለቅለቅ ተደርጎ በቶና ላይ ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ብልሃቱ ቀላል ነበር፤ ወጪም የለውም። ጠፋ። ያስደነቀኝ እሱ ነው። ርካሽ መሆኑና ጠቃሚ መሆኑ አላዳነውም። ቡና የሚጠራራነው ለመቀላቀል ነው፤ ክሩ ደግሞ የሚለይ ነገር ነው።

ለቅሶ፣ ሰርግና ተዝካር አጠር ብለው ነበር። እንደዚያው ይቀጥላሉ?

ሦስቱን ለያይተን እንያቸው።

ሰርግ፦ በ2012 ግንቦት ሊደገስ የነበረው ብዙ ሰርግ ወይ ተላለፈ ወይ በቤተሰብ ብቻ አለቀ። ከዚያ ጥር መጣ፣ ድግሱም መጣ። ድንኳኑም፣ ጠላውም፣ የመኪናው ሰልፍም ተመለሰ። አሁን አነስ ያለ ሰርግ ካያችሁ ኮሮናን አታመስግኑት። የበሬና የዘይት ዋጋ ነው ያሳነሰው። ግን ኮሮና አንድ ውለታ ውሏል፦ ትንሽ ሰርግ ነውር እንዳልሆነ አሳይቷል። አሁን አንድ ጎረምሳ «ቤተሰብ ብቻ ነው የምንጠራው» ሲል የሚጠቅሰው ምሳሌ አለው። ያኔ ሰበብ ሆነ፣ ኑሮ ውድነቱ ደግሞ አጸናው።

ለቅሶ፦ እዚህ የሚገርም ነገር ሆኗል። ዕድሮች ያኔ ድንኳን መትከሉንና ሰው መሰብሰቡን ትተው ገንዘቡን በቀጥታ ለቤተሰቡ ይሰጡ ነበር። ቀብር በጥቂት ሰው ይፈጸም ነበር። ይህ ለሸዋ ሰው ከበሽታው ያላነሰ መርዶ ነው። ሳይቀበር የተረሳ ያህል የሚቆጠር ነገር። ስለዚህ ክልከላው እንደላላ ሰው ሁሉ ያመለጠውን ለቅሶ ሊደርስ ወጣ፤ ወራት ያለፈው ሐዘን ላይ እንደ አዲስ ተለቀሰ። ድንኳኑ ተመለሰ። በስልክ ማስተዛዘን ግን አልጠፋም። ድሮ ደውሎ «እግዜር ያጽናህ» ማለት ስድብ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ፣ ገንዘብ ልኮ፣ ሲመቸው ይመጣል። ቅር የሚለው አዛውንት አይጠፋም፤ ግን ዕድሜ ልክ አያኮርፍም።

ተዝካር፦ የጤና ባለሙያም ባይናገር የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ብድር ገብታችሁ አትደግሱ ሲሉ ኖረዋል። ዕድሩ ድግሱ እንዲያጥር በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የጻፈበት ሰፈር አሁንም በጸሎትና በጥቂት ዝክር ያሳልፋል። በቃል ብቻ የተስማማው ሰፈር ግን አንድ ባለጸጋ ሰንጋ የጣለ ዕለት ሁሉንም ረሳ።

የጠፋው ሁሉ በጦርነቱ ምክንያት አይደለም እንዴ?

ትልቁ ምክንያት እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። የተፈናቀለው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። መጠለያው ሞላ፤ ብዙው ደግሞ በየሰው ቤት ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ያደረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ እዚያ መሐል ሁለት የትልቅ ሰው እርምጃ ራቅ በል ትላለህ? በረንዳ ላይ ያደረችን እናት ማስክሽ የት አለ ትላለህ? ማንም አላለም፤ ትክክልም ነበር።

ሌላው ቦታ ልማዱ በመሰልቸት ተተወ። እዚህ ግን በደግነት ነው የተሻረው። ይህን ሳያነሳ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ» እያለ የሚጽፍ ሪፖርት ሳይ እናደዳለሁ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎት… እስካሁን እናቴ አልተወችም። ልከልክላት?

አይከልከሉ፤ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ያኔ ዝንጅብሉም ሎሚውም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና እንደሚከላከል ማስረጃ እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ተናግሯል። እንደ ምግብ ግን ጤናማ ነው። ሻይ በዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ማን ይጠላል?

መጀመሪያ የሚያሰጋው እንፋሎቱ ነው። የፈላ ድስት ላይ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን ለልጅ አደገኛ ነው። ድስቱ ከተደፋ የሚቃጠለው ፊትና ደረት ነው። ሁለተኛው፣ ፌጦ ተማምኖ ሐኪም ቤት ሳይሄዱ መቅረት ነው። ትንፋሽ ካጠረ የባሕር ዛፍ ቅጠል አይመልሰውም።

በአረቄ እጅ ማሸት ይሠራል?

አይሠራም። የእጅ ማጽጃ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል አለው። የቤት አረቄ፣ ዳግም የወጣውም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ለእጅ ውሃና ሳሙና ይበቃል፤ አረቄው ለታሰበለት ነገር ይዋል።

ልጆች ያኔ «ለትምህርት» ብለው የያዙት ስልክ መቼ ነው የሚመለሰው?

አይመለስም። ከሁሉም የጸናው ልማድ ይሄ ነው፤ ማንም እንዲጸና ባይፈልግም።

ትምህርት ቤት ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ዝግ ነበር። የከተማ ልጅ በቴሌግራም ማስታወሻ ይላክለት ነበር። አባት ተበድሮ ስማርት ስልክ ገዛ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ማስታወሻው ቆመ፣ ስልኩ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቲክቶክ መጣ። የገጠሩ ልጅ ያኔ ሬዲዮ ካልሆነ ምንም አላገኘም። ከብት ሲጠብቅ ከረመ፤ አንዳንዱም ወደ ክፍል አልተመለሰም። ሁለቱ ልጆች ከአንድ ዞን ናቸው፣ የወረሱት ነገር ግን የተለያየ ነው።

ስልኩን መንጠቅ ጠብ ከማትረፍ ሌላ ትርጉም የለውም። ቦታ ይስጡት። ማታ ማታ ሳሎን መደርደሪያ ላይ የሚያድር ስልክና ትራስ ሥር የሚያድር ስልክ አንድ አይደሉም። ደግሞ የአባትየውም ስልክ እዚያው ይደር።

ገንዘብ በስልክ መላኩም የኮሮና ልማድ ነው?

በከፊል። ያኔ ብር በእጅ መቀባበል ያስፈራ ነበር፤ በባንክ መተግበሪያ መላክ የጀመረው ሰው በዛ። ቴሌብር የመጣው ግን በግንቦት 2013 ነው። ያሰፋውም ፍርሃት ሳይሆን ምቾት ነው። ዕቁብ በስልክ የሚሰበስቡ አሉ፤ ለቅሶ ቤት የሚላክ ገንዘብም በዚያ ይሄዳል። ይህ ከዘለቁት መሐል ነው፤ ማንም ለጤና ብሎ አያደርገውም።

ማስክ?

አቧራ ላይ፣ ሐኪም ቤት፣ ወፍጮ ቤት። ሌላው ጋቢና ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጓል፤ ያ ደግሞ ለብርድ ነው፣ ከኮሮናም በፊት የነበረ።

ከወረርሽኝ የተረፈ የቤት ልማድ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ያውቃል?

ያውቃል። ኅዳር 12ን አስቡት። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንም ገባ። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥለው ልማድ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በኋላም ኅዳር 12 ማታ ከየደጁ ጭስ ይወጣል። የሚያቃጥለው ልጅ ስለ 1911 በሽታ ምንም ላያውቅ ይችላል።

ምን አዘለቀው? ቀን አለው፤ የሚካኤል በዓል ስለሆነ አይረሳም። ጎረቤት ያያል፤ ያልጠረገ ደጅ ያሳፍራል። ልጆች ይወዱታል፤ እሳት ነዋ። የኮሮና ልማዶቻችን ከእነዚህ አንዱንም አላገኙም። አሁን ኅዳር 12 ላይ የሚቃጠለው ግን ገለባና ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ጥረጋውን እንያዝ፣ ፕላስቲኩን ለይተን እናውጣ። ያን ቀን የሽንት ቤቷን ጀሪካን አጥቦ ቀፎዋን መቀየር ቢጨመርበትስ? እኔ በበኩሌ ብዙ ስብሰባ ከሚያመጣው ይበልጥ የሚያመጣ ይመስለኛል።

አንድ ልማድ ብቻ ላጽና ብል የቱን ትመርጣላችሁ?

መስኮት መክፈት። ማንም አይጠይቅም፣ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ደጋው ላይ ብርዱን ፈርተን በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርገን፣ ውስጥ ኩበት እናነዳለን። ኮሮናም፣ ጉንፋንም፣ የሳንባ ነቀርሳም የተዘጋ ቤት ይወዳሉ። ጭሱ ደግሞ ለብቻው በሽታ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ቤት ሲጠረግ፣ በርና መስኮቱን አብሮ መክፈት። ቤት መጥረግ እንደሆነ በየቀኑ አለ፤ ከእሱ ጋር ካያያዛችሁት አይረሳም።

ከ2012 የተረፈ ሳኒታይዘር ቤት አለ። ይሠራል?

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ካለፈበት ወይም ክዳኑ ሲከፈት የአልኮሉ ሽታ ከጠፋ አልኮሉ ተኖ ሊሆን ይችላል፤ ለእጅ አትተማመኑበት። ቀኑ ያላለፈው ይሠራል። ከምድጃና ከከሰል አርቁት፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ልጅ የማይደርስበት ቦታም ይሁን።